ወደ ካንጎምቤ መንገድ የሚያይ መስኮት

ቤኖኒ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ
ማርች 4 ቀን 1996

ለተከበርሽው ዋርሳዬ ለፌሌሲያ፣

እንደምን ከርመሻል? የዓሣ ንግድሽስ እንዴት ነው? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ቁርጥማትስ ለቀቀሽ ወይ? እኔ ከትንሽ የወገብ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ ለዚህ ያደረሰን አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ለወንድማችሁ ለሳንዲኮንዳ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለአጎጎ ናሲቤኮም አክብሮቴን ንገሪልኝ፤ አማቴ ናትና እንደ ደንቡ ስሜን ሳትጠሪ፣ «የቤኖኒው ሰው ጎንበስ ብሏል» በይልኝ።

ስለ ኤሉቤያችን ምን እላለሁ? እነሆ ከሞተች ዓመት ሞላት። እግዚአብሔር የራሱን ወሰደ። ነፍሷን ይማርልን።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በዲሴምበር መጨረሻ ሥራ አቆማለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ችግኝ ሳጠጣ ኖሬ አሁን ወገቤ እምቢ ብሏል። ስለዚህ ቺፖካ ውስጥ ቤት ፈልጊልኝ። ኪራይም ይሁን የሚሸጥ፣ ሁለቱንም አልጠላም። ካንጎምቤ መንደር ሳይሆን ከተማው ውስጥ ነው የምልሽ። ካንጎምቤ ላይ ለኤሉቤ የሠራሁት ቤት የእናንተ የእናት ወገን ነው፤ ባል ሚስቱ አገር ገብቶ ይሠራል እንጂ አይወርስም፣ ሥርዓቱን አውቃለሁ፣ ዓይኔንም አልጥልበትም።

ሁለት ክፍል ይበቃኛል። ከተቻለ የቆርቆሮ ክዳን ይሁን፤ ሣር ክዳን በየዓመቱ ጣሪያ ላይ ውጣ ይላል፣ እኔ ደግሞ ከእንግዲህ መሰላል አልወጣም። ግቢው ለአንድ መደብ ጎመንና ለአንድ መደብ ቲማቲም የሚሆን መሬት ቢኖረው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሻለሁ፤ መስኮቱ ወደ ሐይቁ ባያይም ግድ የለኝም። ወደ ካንጎምቤ መንገድ የሚያይ መስኮት ግን ይኑረው።

አክባሪሽ፣ ዋርሳሽ ጃይሎሲ


ቺፖካ
ኤፕሪል 9 ቀን 1996

ለተከበሩ ዋርሳዬ ለጃይሎሲ፣

በጌታችን ስም ጤና ይስጥልኝ። ወገብዎን እሱ ይማርልኝ። ደብዳቤዎ በጭነት መኪና ሾፌሩ እጅ መጣልኝ፤ ዘይት ጠጥቷል እንጂ ይነበባል። ለሁሉም ሰላምታዎን አድርሻለሁ። ለአጎጎ ናሲቤኮም «የቤኖኒው ሰው ጎንበስ ብሏል» አልኳት። ያን ቀን ከወንዝ ስትመለስ አይተዋት፣ ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ካሳቫ ማሳ ውስጥ ዘለው የገቡት ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ሱሪዎ ተቀዶ ኤሉቤ እየሳቀች ስትሰፋልዎ! ሠላሳ ዓመት አማትዎን ሲሸሹ እንደ እርስዎ የተጨነቀ አማች በአገራችን አልታየም።

ኧረ ዋርሳዬ! ሐይቅ ዳር ቤት ተከራይቶ መስኮቱን ወደ አቧራ መንገድ የሚያዞር ሰው ከእርስዎ ሌላ የት ይገኛል? ነጮቹ ይህን ውኃ ለማየት ስንት አገር አቋርጠው ይመጣሉ፣ እርስዎ ጀርባዎን ሊሰጡት!

ቢሆንም ፈልጌያለሁ። የባቡር ጡረተኛውን ባምቦ ላስተንን ያውቁታል፤ ከጣቢያው ጀርባ የሚያከራየው ቤት አለ። ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ፣ ትንሽ በረንዳ፣ መስኮቱም እንዳሉት ወደ ካንጎምቤ ያያል። ሲሰማ ደስ አለው፤ ችግኝ የሚያውቅ ሰው ግቢ አያቆሽሽም አለኝ። ከዚያ የተከራዩን ስም ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። በማግስቱ ስሄድ ጣሪያው ያፈሳል አለኝ። እንግዲህ ያፈሳል ካለ ያፈሳል፤ ሌላ እፈልጋለሁ።

ይልቅ መቼ ነው የሚመጡት? ለቤቱ አይደለም የምልዎ፣ እንዲሁ። ለሦስት ቀንም ቢሆን። ሳንዲኮንዳ ባገኘኝ ቁጥር «ጻፈ ወይ?» ይለኛል። ጽፏል እለዋለሁ። «ምን ብሎ?» ይለኛል። ሰላም ብሏችኋል እለዋለሁ። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ጤና ያቆይልን፣ ፌሌሲያ


ቤኖኒ
ሜይ 20 ቀን 1996

ለተከበርሽው ዋርሳዬ፣

ሰላምና ጤና ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት የማጠጫው ቱቦ ውስጥ ውኃው ይረጋል።

ጣሪያ ያፈሳል ማለት ምክንያት አይደለም። ቆርቆሮ የሚያፈሰው በሚስማሩ ሥር ነው፤ ሚስማሩን ነቅሎ፣ ሬንጅ ቀብቶ፣ መልሶ መምታት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መሰላል አልወጣም ማለቴን እርሺው፣ ለዚህ እወጣለሁ። ለባምቦ ላስተን ጥገናው በእኔ ነው በይው። አይሆንም ካለ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ ሰባኪው ይኖርበት የነበረው ቤት ባዶ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ወጥ ቤቱ ለብቻ ነው፣ ሁለት የማንጎ ዛፍ አለው። የታችኛው ማንጎ ሳይገረዝ ስለኖረ አያፈራም፤ እኔ አስተካክለዋለሁ።

ስለ መምጣት የጠየቅሽኝ፣ ሥራው በዚህ ወቅት አያላውስም።

ሌላ አንድ ነገር። የኤሉቤ መቃብር ላይ ሣሩ በዝቶ እንደሆነ ጻፊልኝ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሥሩ ሳይጠነክር ቢነቀል ይሻላል። ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅሁሽ።

ጃይሎሲ


ቺፖካ
ጁላይ 2 ቀን 1996

ለተከበሩ ዋርሳዬ፣

እንደምን አሉ? ብርዱ በረታ? እኛ ጋ የሙዌራ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባ የሚባል ሐይቅ ላይ ከወጣ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ዓሣ ማድረቂያ ቆጤ ባዶውን ቆሟል። እኔም ሥራ ፈትቼ ስለ ቤትዎ ስዞር ሰነበትኩ።

የሰባኪውን ቤት አየሁት፤ ደህና ቤት ነው። የምትጠብቀው ሴትዮ በመጀመሪያ ቁልፉን እጄ ላይ ልታስቀምጥ ነበር። ከዚያ ለማን እንደሆነ ስትሰማ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ መልሳ፣ ማታ ማታ ጉማሬ ግቢው ድረስ ይመጣል አለችኝ። ከሐይቁ እስከዚያ ድረስ! ገበያውን አቋርጦ፣ ፖሊስ ጣቢያውን አልፎ! እኔም «ጉማሬው መታወቂያ ይዟል ወይ?» አልኳት። አልሳቀችም።

ልጄ ኤስናት ሊኮማ ደሴት ላይ እንደተዳረች ያውቃሉ፤ አርግዛለች፣ በፌብሩዋሪ ትወልዳለች። ያኔ በመርከቡ ሄጄ ወገቧን እይዝላታለሁ፤ ስለዚህ ቤቱን ከዚያ በፊት ባገኝልዎ ደስ ይለኛል።

የመቃብሩን ሣር ጠይቀውኛል። በዝቷል። እስከ ወገብ ደርሷል። ማንም አልነካውም።

የኤሉቤ ቤት እንደተዘጋ ነው። እንስራዋ በረንዳው ላይ እንደተደፋ ነው። ቀሚሶቿ ገና አልተከፋፈሉም፤ ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠሉ ናቸው ትላለች አጎጎ፣ በመስኮቱ ቀዳዳ አይታ። እኔ እንዲሁ ነው የምነግርዎ፣ ስለጠየቁኝ።

ፌሌሲያ


ቤኖኒ
ሴፕቴምበር 15 ቀን 1996

ለፌሌሲያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ብዙ ቀን ሳልጽፍ የቆየሁት ተናድጄ ስለነበር ነው፤ አሁንም ንዴቴ አልበረደም።

የጎረቤታችሁ የሳሊማ ከተማ ልጅ የሆነ ሾፌር እዚህ አግኝቼ ነበር። ባምቦ ላስተን ቤቱን ለአንድ የጤና ሠራተኛ እንዳከራየ፣ ባለፈው ዝናብም ቤቱን አንዲት ጠብታ እንዳልነካችው ነገረኝ። የሰባኪውን ቤት ደግሞ አንድ ፖሊስ ተከራይቶታል። ጉማሬው ፖሊስ ይፈራል እንዴ?

እኔ ሕፃን አይደለሁም፣ ፌሌሲያ። ስልሳ ዓመቴ ነው። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ አንድ እውነት አላገኘሁም። እናንተ ቺፖካ እንድገባ አትፈልጉም። ወንድማችሁ ሳንዲኮንዳ ከልክሏል፣ አንቺም ትሸፍኚለታለሽ። በእናንተ አገር ሠላሳ አንድ ዓመት ባል ሆኛለሁ። ጡቡን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ የጉድጓዱን ውኃ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የአጎጎን ጎተራ ሦስት ጊዜ የሠራሁት እኔ ነኝ። መሬታችሁን አልጠየቅሁም። ቤቴን መልሱልኝም አላልኩም። በገዛ ኪራዬ ከተማ ውስጥ ልቀመጥ ነው ያልኩት። ይህን ያህል ከበዳችሁ?

የማታገኚልኝ ከሆነ ግልጹን ንገሪኝና ሌላ ሰው ልላክ።

ጃይሎሲ


ቺፖካ
ኦክቶበር 6 ቀን 1996

ለተከበሩ ዋርሳዬ ለጃይሎሲ፣

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅዎ። ግልጹን ንገሪኝ ብለዋል፤ እነግርዎታለሁ። አንብበው ቢጠሉኝም ይጥሉኝ፣ ከእንግዲህ ጉማሬ አልፈጥርም።

ሳንዲኮንዳ ማንንም አልከለከለም። ማንም አልከለከለም። ሰዎቹ ቤታቸውን ያልሰጡዎ እርስዎ ስላላለቀሱ ነው።

ኤሉቤ ስትሞት ደብዳቤውን የጻፍኩልዎ እኔ ነኝ። ሁለት ሌሊት ጠበቅንዎ፤ በሦስተኛው ቀን ከዚያ በላይ ማቆየት አልተቻለምና ቀበርናት። ባል ተቀምጦ የሚያለቅስበት ሰሌን ግድግዳው ሥር ተነጥፎ ባዶውን ነበር። ከእናትዎ አገር ከንቺሲ እህትዎ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች እንጂ ሰሌኑ ላይ አልወጣችም፤ እሷም ደንቡን ታውቃለች። ሰው ሁሉ እየገባ ያንን ሰሌን ያይ ነበር። «መንገድ ላይ ነው» አልን። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ «መንገድ ላይ ነው» አልን። ከዚያ በዓመቱ ደብዳቤ መጣ። ስከፍተው ሳንዲኮንዳ አጠገቤ ቆሟል። ስለ ኤሉቤ ሦስት መስመር አለ። ከዚያ «ወደ ጉዳዬ ልግባ» ይላል።

ዋርሳዬ፣ ያን ጊዜ ለሳንዲኮንዳ የቀረውን አላነበብኩለትም። ማንበብ እንደማይችል ያውቃሉ። «ያለቅሳል» አልኩት። ዋሸሁልዎ።

እኛ ዘንድ ባል አልቅሶ፣ ተላጭቶ፣ ካልተሰናበተ ሐዘኑ አይዘጋም፤ ይህን እርስዎም ያውቁታል። የሬሳ ጥላ እላዩ ላይ ያለ ሰው ጣራው ሥር እንዲያድር የሚፈቅድ ባለቤት የለም፤ ባምቦ ላስተን ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የልጅ ልጆች አሉት። ቤቱ የተዘጋው፣ ሣሩ ያልተነቀለው፣ ቀሚሶቿ ያልተከፋፈሉት እርስዎን ስለሚጠብቁ ነው።

ሌላው ይቅር። አጎጎ ናሲቤኮን ልንገርዎ። ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ አማቹ ሳይላጭ እናት አትላጭም ብላ ፀጉሯን አልነካችም። እንደዚያ ነጭ ሆኖ ጆሮዋን ሸፍኖታል። አልጋ ላይ አልወጣችም፤ መሬት ላይ ነው የምትተኛው፣ በዚያ በሙዌራ ብርድ እንኳ። «ያ ሰውዬ ምን አደረግነው?» ትላለች። ስምዎን እንኳ መጥራት አትችልም፣ ደንብ ነው፣ «ያ ሰውዬ» ትላለች።

እኔ ኤሉቤን እወዳት ነበር። የእናቴ እህት ልጅ ብትሆንም አንድ ጡት እንደጠባን ነው ያደግነው። እርስዎንም እወድዎ ነበር። አሁን ግን ደብዳቤዎን ስከፍት ስለ ሬንጅና ስለ ማንጎ ሳነብ አንጀቴ ይቃጠላል። ሰው እንዴት ለሚስቱ ሳያለቅስ ለቤት መስኮት ይመርጣል?

ፌሌሲያ


ቤኖኒ
ኖቬምበር 10 ቀን 1996

ለተከበርሽው ዋርሳዬ ለፌሌሲያ፣

እግዚአብሔር አንቺንም አጎጎንም ይጠብቅልኝ። ደብዳቤሽን ካገኘሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት።

«አልመጡም» ብለሻል። መጥቻለሁ።

የሞት ደብዳቤሽ በአራተኛው ቀን ደረሰኝ። በዚያው ቀን አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ድንበር ላይ ሲፈትሹን አንድ ቀን አለፈ። ከተነሣሁ በአምስተኛው ቀን ቺፖካ መገንጠያ ላይ ወረድኩ፤ ያ ትልቁ ማንጎ ሥር፣ ሴቶቹ ደቃቁን ዓሣ ኡሲፓን በሳህን የሚሸጡበት። ጥቁር ኮት ለብሼ ነበር። ብስክሌተኛው «ወዴት ነው አባቴ?» አለኝ። ካንጎምቤ ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣም። ደግሞ ጠየቀኝ። ሰው እየጠበቅሁ ነው አልኩት። ማንጎው ሥር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥኩ። ከዚያ በመጣሁበት በኩል የሚመለስ መኪና አስቆምኩ።

ምን እንደፈራሁ ልንገርሽ። ዶማውን ነው የፈራሁት።

ከሰሌኑ ስነሣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ለሌሎች ባሎች ሲደረግ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ራሴን ትላጫላችሁ። ሳንዲኮንዳ ያኔ ሳገባት ይዤው የመጣሁትን ዶማ ከጓዳ አውጥቶ እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል። «አገልግለኸናል፣ እናመሰግናለን፣ እንግዲህ ወደ እናትህ አገር» ይለኛል። ያበቃል። ልጅ ቢኖረን የልጅ አባት ተብዬ እመላለስ ነበር፤ የነበረችንን አንድ ልጅ በዘጠኝ ወሯ ቀበርናት። እናቴ ሞታለች። ንቺሲ ያሉት የእህቴ ልጆች መንገድ ላይ ቢያገኙኝ አያውቁኝም። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የማውቀው ቤት ኤሉቤ ያለችበትን ነው፤ እሱንም በየሁለት ዓመቱ ለአንድ ወር ነው የማውቀው።

ሰሌኑ ላይ እስካልተቀመጥኩ ድረስ የኤሉቤ ባል ነኝ። ከተቀመጥኩ ማንም አይደለሁም። ይህ ነው ምክንያቴ፤ ሌላ ሚስት፣ ሌላ ጉድ የለም። መጀመሪያ ቤት ልያዝ፣ ስትሸኙኝ የምወድቅበት ይኑረኝ፣ ከመስኮቱ ቢያንስ ወደ እሷ የሚወስደውን መንገድ ልይ ብዬ ነው። ሥርዓቱን መገልበጤን አላወቅሁም ብዬ አልዋሽሽም።

አጎጎ መሬት እንደምትተኛ ግን አላወቅሁም ነበር። ይህን ሳነብ ማጠጫው ከእጄ ወደቀ። አለቃዬ ምን ሆንክ አለኝ። ሚስቴ ሞተች አልኩት። መቼ አለኝ። አሁን አልኩት። እዚያው ችግኙ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ፌሌሲያ፣ ነጩ ሰውዬ ቆሞ እያየኝ።

ይህን ደብዳቤ ለሳንዲኮንዳ አንብቢለት። እንዳለ አንብቢው፣ ምንም አትዝለዪ።

ጃይሎሲ


ቺፖካ
ዲሴምበር 1 ቀን 1996

ለተከበሩ ዋርሳዬ ለጃይሎሲ፣

አምላክ እንባዎን ይቁጠርልዎ። ካንጎምቤ ሄጄ አነበብኩላቸው፤ ሳንዲኮንዳ በረንዳው ላይ፣ አጎጎ ከበሩ ወዲያ ሆና።

ሲያልቅ ሳንዲኮንዳ «መገንጠያው ድረስ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ማንጎው ሥር?» አዎ አልኩት። «ሞኝ!» አለ፤ ሲለው ግን ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። «በይ ጻፊለት። ሕጉን አልለውጥለትም፣ የእኔ አይደለምና። ዶማውን እሰጠዋለሁ፣ አመሰግነዋለሁ፣ እሸኘዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ከካንጎምቤ ውጭ የት እንደሚያድር ግን እኔን አይመለከተኝም። ቺፖካ የእናቴ መሬት አይደለም።»

አጎጎ ከውስጥ ሆና «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ይምጣ፤ ራሴን ይበላኛል» አለች። እያለቀስን ሳቅን።

ባምቦ ላስተን ጋም ሄጃለሁ። የጤና ሠራተኛው በዚህ ወር ይለቃል። «ተላጭቶ ይምጣና እንነጋገራለን» አለኝ፤ ከዚያ ተከፍቶ «ጣሪያዬም አፍሶ አያውቅም፣ ይህን ጻፊለት» አለኝ።

አሁን ልብ ብለው ይስሙኝ። ሲመጡ ቺፖካ እንዳይገቡ። ቤቱን እንዳያዩ። እኔ ጋም ውኃ ልጠጣ ብለው እንዳይመጡ። ከመገንጠያው በቀጥታ ካንጎምቤ። የመንደሩ የመጀመሪያ ቤት ሲታይዎ ድምፅዎን ያውጡ፤ ሰው ሰምቶ ይቀበልዎታል። ብስክሌተኛው ወዴት ሲልዎ ቃሉ እምቢ ካለዎ ይህን ወረቀት ያሳዩት። እዚህ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፦

ካንጎምቤ፣ ኤሉቤ ቤት።

ፌሌሲያ


ቺፖካ፣ ከጣቢያው ጀርባ
ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1997

ለተከበርሽው ለፌሌሲያ፣ ሊኮማ ደሴት፣

እንኳን ማርያም ማረቻት! ኤስናት ወንድ ልጅ ተገላገለች የሚለው ወሬ ከመርከቡ ሰዎች ደርሶኝ ደስ አለኝ። ልጁን እግዚአብሔር ያሳድገው። ዋርሳዬ ብዬ ልጽፍ ብዬ እጄን ያዝኩት፤ ከተሰናበትኩ ወዲህ ምን ብዬ እንደምጠራሽ አላውቅም፣ አንቺው ንገሪኝ።

ካንጎምቤ ስደርስ የሆነውን ሁሉ አይተሻል፤ ከማንጎው ጀምሮ እያለቀስኩ ስመጣ ብስክሌተኛው ራሱ ሲያለቅስ ነበር። ከሐዘኑ በኋላ ሣሩን እኔና ሳንዲኮንዳ ነቀልነው። ሥሩ ጠንክሮ ነበር። ዶማውን የሰጠኝ ቀን ግን አንቺ መርከቡ እንዳያመልጥሽ ሄደሽ ስለነበር ያንን ልንገርሽ። እጀታውን አዲስ አድርጎታል። ቃሉን አንድ በአንድ አለው፤ «አገልግለኸናል፣ እናመሰግናለን» አለ፤ «ወደ እናትህ አገር» የሚለው ላይ ሲደርስ ዶማውን መልሶ ወደ ራሱ ሳበው። ቢሆንም ጨረሰው። ዶማዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ፤ ሴቶቹ እንደ ደንቡ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ከዚያ በላይ ባዶ ሆኜ አላውቅም። እንደፈራሁት ነበር። እንዲያውም ይብስ ነበር።

ባምቦ ላስተን የተላጨ ራሴን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ቁልፉን ሰጠኝ። ቤቱ ደህና ነው። መስኮቱ ወደ መንገዱ ያያል። ሳምንት ሙሉ እዚያ ቁጭ ብዬ የማላውቀውን ሰው ሲያልፍ አየሁ፤ ቲማቲሙን እንኳ አልዘራሁም። ለዚህ ነው ወይ የመጣሁት አልኩ።

ያለፈው ዓርብ፣ ገበያ ቀን፣ አንድ ብስክሌት ከካንጎምቤ በኩል መጣ። ኋላው ላይ አሮጊት ተቀምጣለች፣ ራሷ ተላጭቶ ያበራል። አጎጎ ናሲቤኮ ናት። እኔ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ተነሥቼ በጓሮ በር ወጣሁ! የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ ነው፤ እግሬ ከእኔ አስቀድሞ ሮጠ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ግድግዳ ተጠግቼ ቆምኩ። በረንዳው ላይ ወርዳ ስትራመድ ይሰማኛል።

«ጃይሎሲ!» አለች።

ፌሌሲያ፣ ስሜን ጠራችው። በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ጃይሎሲ፣ ከዚያ ውጣ። ከእንግዲህ አማትህ አይደለሁም። ለቅቀንሃል አይደል? የሰው ቤት የመጣሁ አሮጊት ነኝ፣ ውኃ ስጠኝ።»

ወጣሁ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ውኃ ሰጠኋት። ጠጣች። «ቀና በል» አለችኝ። እምቢ አለኝ። «ቀና በል አልኩህ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ብስክሌት መቀመጫዬን የላጠው አናትህን ለማየት አይደለም።» ቀና አልኩ። ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። ኤሉቤ ብትቆይ ኖሮ የምትሆነውን ሆና ተቀምጣለች፤ ግንባሩ፣ የግራ ቅንድቧ ከቀኙ ከፍ ማለቱ ሁሉ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

እሷም እኔን አየችኝ፣ እንደ ገበያ ዕቃ ቀስ ብላ። «ልጄ የፊት ጥርሱ ክፍተት አለው ትለኝ ነበር» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስትነግረኝ ኖረች፤ ሲስቅ ያምርበታል ትለኛለች። እስቲ አፍህን ክፈት ልይ።»

ከፈትኩላት። አየች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አለቀስን፤ በደንቡ የሌለ ለቅሶ ነው፣ ሰሌንም አልነበረው።

የበቆሎ ገንፎ፣ ንሲማ ሠራሁላት። የቻምቦ ዓሣውን አሳረርኩት፤ «ኤሉቤ ይህንንም ነግራኛለች» ብላ በላችው። የኤሉቤን እንስራ በብስክሌቱ አስራ አምጥታ ነበር፤ ቀሚሶቹ ሲከፋፈሉ ይህን ማንም አልወሰደውም አለችኝ። በረንዳው ላይ ቀና አድርጋ አስቀመጠችው። ስትሄድ መስኮቱን አየችና «ይህ መስኮት መንገዱን ያያል፣ ጥሩ ነው፣ ስመጣ ታየኛለህ» አለችኝ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ውኃውን ከጠዋት ሞልቼዋለሁ፣ ቻምቦውንም እንዳያርርብኝ ገና እሳት ላይ አልጣድኩትም። ብዙ ልጽፍልሽ ነበር፤ ነገር ግን ብስክሌቱ በመታጠፊያው በኩል ብቅ ብሏልና እዚህ ላይ ላብቃ።

ጃይሎሲ